በቱንቢና በስልክ የመሬትን ስበት መለካት

የመሬት ስበት 9.8 መሆኑን ሁላችንም ከሰሌዳ ላይ ገልብጠናል። ፈተና ሲደርስ ደግሞ ለስሌት እንዲቀል 10 አድርጉት ተብለናል። ቁጥሩ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ተማሪ ግን በእኔ ክፍል አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዓመታት በኋላ ግንበኛ ረስቶት የሄደ ቱንቢ አግኝቼ በር መቃን ላይ አንጠለጠልኩት፤ በስልኬ ሰዓት ይዤ በወረቀት ሳሰላ 9.7 ከምናምን የሚል ቁጥር ወጣልኝ። መሬት ያንን ብረት ምን ያህል እንደምትስበው ቤቴ ውስጥ ቆሜ ለክቼው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊዚክስን የማየው በሌላ ዓይን ነው።

ይህ መመሪያ ያንኑ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሳያል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። በመንገዳችን ላይ የኒውተን ሦስቱ ሕጎችና የኢነርጂ አለመጥፋት ሕግ በየተራ ይመጣሉ፤ አንዱን ሕግ ችላ ያለ ሰው ወዲያው ቁጥሩ ይበላሽበታልና። ቀመር ከመሸምደድ ይልቅ ይህን መንገድ የምመርጠውም ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ በቃላት እንግባባ

በዕለት ንግግራችን ጉልበት፣ ኃይልና አቅም ይደበላለቃሉ። እዚህ ጉልበት ስል መግፋትን ወይም መሳብን ብቻ ነው። የተጠራቀመ ሥራ የመሥራት ችሎታን ኢነርጂ እለዋለሁ።

መጠነ ቁስ በአንድ ነገር ውስጥ ያለው የቁስ ብዛት ነው፤ የሚለካውም በኪሎ ነው። ክብደት ደግሞ መሬት ያንን ነገር የምትስብበት ጉልበት ነው። ገበያ ላይ "ክብደቱ 2 ኪሎ" ስንል በፊዚክስ ዓይን ሁለቱን ቀላቅለናል። 2 ኪሎ ጤፍ ጨረቃ ላይ ቢወሰድም ያው 2 ኪሎ ጤፍ ነው፣ የሚጋገረው እንጀራም አይቀንስም። ክብደቱ ግን ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል።

ሽምጠጣ በየሰከንዱ በፍጥነት ላይ የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው መጠን ነው። 9.8 የሚባለው ቁጥር ሽምጠጣ ነው፦ የአየር ግጭትን ትተን፣ ከእጃችሁ ያመለጠ ድንጋይ ከ1 ሰከንድ በኋላ በሰከንድ 9.8 ሜትር ይወርዳል፣ ይህም በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2 ሰከንድ በኋላ ደግሞ እጥፉን። ይህን በቀጥታ ለመለካት ብንሞክር ድንጋዩ ዓይናችንን ያመልጠዋል። የተንጠለጠለ ቱንቢ ግን ያንኑ ውድቀት አዝግሞ፣ ደጋግሞ ያሳየናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ቱንቢ፣ ካልተገኘ ዳዶ የታሰረበት ትልቅ ቡሎን ወይም ድብልብል ያለ ድንጋይ። ከባድና ትንሽ ቢሆን ይመረጣል፤ ትልቅና ቀላል ነገር አየሩ ቶሎ ያስቆመዋል።

የጫማ ሰፊ ክር፣ ከ2 ሜትር ያላነሰ። ሲባጎ አትጠቀሙ፤ ሸክም ሲያገኝ ይለጠጣል፣ እየተፈታም ቱንቢውን ያሽከረክረዋል።

የአናጢ ሜትር፣ ሰዓት መያዣ ያለው ስልክ፣ ጠመኔ፣ ወረቀትና እርሳስ። የሚረዳ አንድ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው፣ ባይኖርም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ማንጠልጠያውን አጽኑ

ክሩን በምስማር ላይ ዝም ብሎ ማሰር የብዙ ሰው ስህተት ነው። ቱንቢው ሲወዛወዝ ክሩ በምስማሩ ዙሪያ ይጠመጠማል፣ ይፈታል፣ ርዝመቱም በየቅጽበቱ ይለወጣል። ይልቁንስ የክሩን ጫፍ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መካከል አስገብታችሁ እንጨቶቹን አጥብቃችሁ እሰሩና በሩ መቃን ላይ ምቷቸው። ያኔ ክሩ የሚታጠፍበት ነጥብ አንድና የታወቀ ይሆናል፦ የእንጨቶቹ የታች ጠርዝ።

አሁን መቃኑን በእጃችሁ ወዝውዙት። ከተነቃነቀ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ክሩ ቱንቢውን ወደ ላይ በሚስብበት ልክ መቃኑንም ወደ ታች ይስበዋል፤ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ የሚለው ይህንን ነው። ቱንቢው ወደ ቀኝ ሲሄድ መቃኑም ወደ ቀኝ ይጎተታል። የሚላወስ ማንጠልጠያ ከቱንቢው ጋር አብሮ ይወዛወዛል፣ ያኔም የምትለኩት የቱንቢውን ብቻ ሳይሆን የመቃኑንም እንቅስቃሴ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ግማሽ ስንዝር ብቻ ሳቡ

ቱንቢው ቀጥ ብሎ እስኪረጋ ጠብቁ። ከኋላው ግድግዳው ወይም መቃኑ ላይ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ከዚያ ለ1 ሜትር ክር ወደ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር፣ ግማሽ ስንዝር ያህል ስባችሁ ልቀቁት። አትግፉት። ጣታችሁን መክፈት ብቻ ነው።

ለምን ግማሽ ስንዝር? ጋሊሌዮ ቱንቢ በሰፊውም ሆነ በጠባቡ ቢወዛወዝ ደርሶ መልሱ እኩል ጊዜ ይወስዳል ብሎ ያምን ነበር። ለጠባብ ውዝዋዜ እውነት ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1656 የፔንዱለም (የሚወዛወዝ ቱንቢ) ሰዓትን የሠራው የሆላንዱ ክርስቲያን ሃይገንስ ግን ሰፊው ውዝዋዜ እንደሚዘገይ አረጋገጠ። ልዩነቱ በ5 ዲግሪ ከ1,000 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ በ30 ዲግሪ ወደ 1.7 በመቶ፣ በ60 ዲግሪ ከ7 በመቶ በላይ ይሆናል። 1 ሜትር ክር በግማሽ ስንዝር ሲሳብ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ልንጨነቅበት አይገባም።

አለመግፋት ለምን አስፈለገ ለሚል፦ የገፋ እጅ ብዙውን ጊዜ አጣምሞ ይገፋል፣ ቱንቢውም ቀጥ ብሎ መመላለሱን ትቶ እንቁላል ቅርጽ እየሠራ ይዞራል። የመጀመሪያው ሕግ እዚህ አለ። አንድ ነገር ጉልበት ካልነካው በስተቀር የቆመው እንደቆመ፣ የሚሄደውም በቀጥታ መስመር በዚያው ፍጥነት እንደሄደ ይቀጥላል። በእጃችሁ ወደ ጎን የሰጣችሁትን ትንሽ ፍጥነት የሚያጠፋለት ስለሌለ ቱንቢው ይዞት ይቆያል። ማማ ላይ ቆሞ ከማሽላ ወፍ የሚያባርር ልጅ ይህን ሕግ በእጁ ያውቀዋል፦ ወንጭፉን አሽከርክሮ አንዱን ጫፍ ሲለቅ ድንጋዩ መዞሩን አይቀጥልም፣ ከእጁ በተቃራኒ ወደ ውጭም አይፈናጠርም፤ በተለቀቀበት ቅጽበት ወደሚሄድበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይወረወራል። ወደ ታች የሚያጎብጠው ስበት ብቻ ነው። ልጁ የሚያነጣጥረው ይህን አስልቶ ነው።

ደረጃ 3፦ ከዜሮ ቁጠሩ

ሰዓቱን የምትጀምሩት ቱንቢው በእጃችሁ ሳለ አይደለም። ልቀቁት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስ፣ ከዚያ የጠመኔውን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሲያቋርጥ "ዜሮ" ብላችሁ ሰዓቱን አስጀምሩ። እንደገና ከግራ ወደ ቀኝ ሲያቋርጥ "አንድ"። ይህ አንድ ደርሶ መልስ ነው። "ሃያ" ላይ ሰዓቱን አቁሙ።

መስመሩን የመረጥንበት ምክንያት አለ። ቱንቢው ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ መቼ እንደተመለሰ ዓይን በትክክል አይለይም። መሃል ላይ ግን ከሁሉም በላይ ፈጣን ነው፣ መስመሩንም በቅጽበት ያቋርጣል።

"ከአንድ" ብለው የሚጀምሩ ሰዎች አሉ። "ሃያ" ሲሉ የለኩት 19 ብቻ ነው፤ ይህ 5 በመቶ ስህተት በስበቱ ቁጥር ላይ ወደ 10 በመቶ ያድጋል። አንዱን ደርሶ መልስ ብቻ መለካትም አይበቃም። ጣት በ0.2 ሰከንድ ቢዘገይ ከ2 ሰከንድ ላይ 10 በመቶ ነው፤ ከ40 ሰከንድ ላይ ግን ግማሽ በመቶ ብቻ። አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ከአምስቱ አንዱ ከሌሎቹ በ2 ሰከንድ ገደማ ከራቀ አንድ ደርሶ መልስ ዘላችኋል ወይም ደግማችኋል፣ ያንን ጣሉት።

አዲስ አበባ ላይ፣ ከታጠፈበት ነጥብ እስከ ቱንቢው መሃል ልክ 1 ሜትር ቢሆን፣ 20 ደርሶ መልስ 40.2 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ከዚህ በጣም ከራቃችሁ ወደ ስሌት ሳትገቡ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

ደረጃ 4፦ ስሌቱ፣ እና ከየት እንደመጣ

የአንዱን ደርሶ መልስ ጊዜ ለማግኘት ጠቅላላውን ለ20 አካፍሉ። ያንን ጊዜ ራሱን በራሱ አባዙ። ከዚያ፦

ስበት = 39.48 × ርዝመት በሜትር ÷ የጊዜው ካሬ

39.48 ማለት 4 ጊዜ የፓይ ካሬ ነው።

ቀመሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ጉልበት ከመጠነ ቁስና ከሽምጠጣ ብዜት ጋር እኩል ነው ይላል። ቱንቢውን 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ስትስቡት ከክብደቱ አብዛኛውን ክሩ ይሸከመዋል። ወደ መሃል የሚመልሰው የክብደቱ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር የ1 ሜትር አንድ አሥረኛ ስለሆነ። በ5 ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ሃያኛ ይሆናል። መላሹ ጉልበት ሁልጊዜ ከርቀቱ ጋር እኩል ያድጋል፣ እኩል ይቀንሳል። በእጥፍ የራቀ ቱንቢ በእጥፍ ስለሚሳብ የእጥፉን መንገድ በዚያው ጊዜ ይጨርሳል። ለጠባብ ውዝዋዜ ጊዜው ከስፋቱ ጋር የማይለወጠው ስለዚህ ነው። ክሩን ብታስረዝሙ ግን ወደ መሃል የሚመልሰው ድርሻ ያንሳል፣ ጊዜውም ይረዝማል፦ ርዝመቱ 4 እጥፍ ሲሆን ጊዜው 2 እጥፍ።

የቱንቢው ኪሎ በቀመሩ ውስጥ እንደሌለ አስተውላችኋል? በሙሉው የመካኒክስ ትምህርት ውስጥ ከሚያስደንቁኝ ነገሮች ቀዳሚው ይህ ነው። መጠነ ቁስ ሁለት ሥራ አለው፦ መሬት በምን ያህል እንደምትስበው ይወስናል፣ ለመንቀሳቀስ ምን ያህል እንደሚያስቸግርም ይወስናል። ሁለቱ ሥራዎች ልክ እኩል ስለሆኑ ይጣፋሉ። ኒውተን ይህን እንደ ቀላል ነገር አላለፈውም። እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው ሥራው ላይ እንደጻፈው፣ ሁለት እኩል የእንጨት ሳጥኖችን በ11 ጫማ (3.4 ሜትር ገደማ) ክር አንጠልጥሎ፣ በአንዱ እንጨት፣ በሌላው እኩል የሚመዝን ወርቅ እያስገባ አወዳደረ፤ ከዚያም ብር፣ እርሳስ ማዕድን፣ መስታወት፣ አሸዋ፣ ጨው፣ ውሃ፣ ስንዴ። ሁሉም ጎን ለጎን አብረው ተመላለሱ። እናንተም በስንዴ ምትክ ሽምብራ በትንሽ ቆርቆሮ ሞልታችሁ፣ ከዚያ በአሸዋ ቀይራችሁ ሞክሩት። ቆርቆሮው ሁለቱንም ጊዜ እስከ አፉ ሙሉ ይሁን፤ ግማሽ ከሆነ መሃሉ ዝቅ ይልና ርዝመቱ ይለወጥባችኋል።

ደረጃ 5፦ የማይታወቀውን መሃል ማስወገድ

እስካሁን "እስከ ቱንቢው መሃል" እያልኩ አለፍኩ። ነገር ግን ቱንቢ ከላይ ወፍራም ከታች ሹል ነው፣ መሃሉ የት ነው? ድንጋይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሜትር ይዞ መገመት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሊያሳስት ይችላል። እንዲህ አድርጉ፦ ሁለት ጊዜ ለኩ፣ በሁለት የክር ርዝመት። ክሩን ብቻ፣ ከታጠፈበት ነጥብ እስከ ቋጠሮው ለኩ። ከቋጠሮው በታች ያለው ያልታወቀ ርዝመት በሁለቱም ጊዜ ያው ስለሆነ ሲቀናነስ ይጠፋል።

ስበት = 39.48 × የርዝመቶቹ ልዩነት ÷ የጊዜ ካሬዎቹ ልዩነት

ምሳሌ እንውሰድ። ክሩ 0.50 ሜትር ሲሆን 20 ደርሶ መልስ 29.2 ሰከንድ፣ 1.50 ሜትር ሲሆን 49.7 ሰከንድ ወሰደ እንበል። የአንዱ ጊዜ 1.46 እና 2.485 ነው፤ ካሬያቸው 2.132 እና 6.175፤ ልዩነቱ 4.043። የርዝመቱ ልዩነት 1.00 ሜትር። 39.48 ለ4.043 ሲካፈል 9.76።

ልዩነቱን ሳንወስድ የአጭሩን ክር ብቻ ብናሰላ ኖሮ 9.26 ይወጣ ነበር፣ ከረጅሙ ደግሞ 9.59። ሁለቱም የተሳሳቱት ከቋጠሮው በታች ያለው 2.7 ሴንቲ ሜትር ስላልተቆጠረ ነው። አጭር ክር ላይ ያው ስህተት የበለጠ እንደሚጎዳም ተመልከቱ።

ደረጃ 6፦ ምስማሩ

ይህ የጋሊሌዮ ሙከራ ነው። በ1 ሜትር ክር፣ ከማንጠልጠያው 50 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ የረጋው ክር ሊነካው በተቃረበበት ቦታ አንድ ምስማር ምቱ። ቱንቢውን በአንድ በኩል ሳቡና ከፍታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሲለቀቅ ክሩ መሃል ላይ ምስማሩ ይገታዋል፣ ቱንቢውም በሌላው በኩል በግማሽ ክር ይወጣል። ምን ያህል ከፍ ይላል? አብዛኛው ሰው "ያነሰ" ይላል። ወደ ለቀቃችሁበት ከፍታ ይመለሳል፤ ከአየሩ ግጭት የተነሣ ከምትጠፋው ጥቂት በቀር። በከፍታ የነበረው ኢነርጂ መሃል ላይ ሙሉ በሙሉ ፍጥነት ይሆናል፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ተመልሶ ከፍታ ይሆናል። ምስማሩ መንገዱን እንጂ ሒሳቡን አይቀይርም።

አሁን ከመለካታችሁ በፊት ተንብዩ። ግማሹ ጉዞ የ1 ሜትር፣ ግማሹ የ50 ሴንቲ ሜትር ቱንቢ ነው። የ1 ሜትሩ ደርሶ መልስ 2.01፣ የግማሽ ሜትሩ 1.42 ሰከንድ ከሆነ፣ የሁለቱ ግማሾች ድምር 1.715 ነው፤ 20 ጊዜ ሲሆን 34.3 ሰከንድ። ሰዓቱን አስጀምሩና አረጋግጡ። አስቀድሞ የተናገሩት ቁጥር ስልክ ላይ ሲወጣ ማየት ልዩ ስሜት አለው።

ዛፍ ላይ ለልጆች ዥዋዥዌ የምትሠሩ ይህቺን ያዙልኝ፦ ገመዱ ከ60 ዲግሪ ከፍታ ተለቆ ከታች ሲያልፍ የልጁን ክብደት 2 እጥፍ ይሸከማል፣ ከአግድም ቢለቀቅ 3 እጥፍ። ገመድና ቅርንጫፍ የሚፈተሹት በልጁ ኪሎ ልክ ሳይሆን ከ3 እጥፉ በላይ ነው።

የወጣው ቁጥር ምን ይናገራል

አዲስ አበባ ላይ ትክክለኛው መልስ በ9.77 እና በ9.78 መካከል ነው። ፓሪስ 9.81 ነው። ልዩነቱ ሦስት ምክንያት አለው። መሬት ስለምትሽከረከር ወገቧ ላይ ሰፋ ብላለች፣ እኛም ለወገቧ ቅርብ ነን፤ ከዚያ በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብለናል። ሁለቱም ከመሬት መሃል ያርቁናል፤ ሦስተኛው ሽክርክሪቱ ራሱ ነው፣ እሱም ከስበቱ ይቀንሳል።

ይህን መጀመሪያ የደረሰበት ሰው የእናንተኑ መሣሪያ ይዞ ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ እ.ኤ.አ. በ1672 ወደ ካየን፣ ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ ወደምትርቅ የደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ሄደ። ፓሪስ ላይ በትክክል የሚሠራው የፔንዱለም ሰዓት እዚያ በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ዘገየ፤ ለማስተካከል ፔንዱለሙን 3 ሚሊ ሜትር በማይሞላ ማሳጠር ነበረበት። ኒውተን በኋላ ይህን መረጃ መሬት ፍጹም ክብ ኳስ ሳትሆን በወገቧ የተለጠጠች ለመሆኗ ማስረጃ አድርጎ ተጠቀመበት። የፓሪስ ሰዓት አዲስ አበባ ቢመጣም በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይዘገያል።

ቁጥራችሁ ከ9.6 በታች ወይም ከ9.9 በላይ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ ከዜሮ ቆጥራችኋል ወይ? ክሩ ከተሸከመ በኋላ ነው የለካችሁት ወይስ ባዶውን? (የተለጠጠ ክር 1 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ከ1 ሜትር ላይ 1 በመቶ ነው።) ማንጠልጠያው ጸንቷል? ስፋቱ ከግማሽ ስንዝር አልፏል? ከእነዚህ ውጭ ያለ ምክንያት እስካሁን አልገጠመኝም።

ለሚበረታ ሰው

9.76 ያገኘ ሰው ቀጥሎ የሚመኘው የከፍታውን ልዩነት ራሱ ማየት ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ስበቱ ከአዲስ አበባው በ1,000 አንድ እጅ ገደማ ይበልጣል። ለ20 ደርሶ መልስ ይህ በጣት አይያዝም። ቱንቢው ከባድ ሆኖ ለ1 ሰዓት ሙሉ ቢቆጠር ግን የዳሎሉ ወደ 1 ሰከንድ ተኩል ያህል ይቀድማል፣ ያ ይለካል። ክር ለዚህ አይሆንም፤ እርጥበት ያሳጥረዋል ያስረዝመዋል። ቀጭን የብረት ሽቦ ውሰዱ፣ አዲስ አበባ ላይ በእንጨቶቹ መካከል ካጠበቃችሁት በኋላ እስከ ዳሎል ድረስ አትፍቱት፤ 1 ሚሊ ሜትር ከተንሸራተተ ልዩነቱን በሙሉ ይበላዋል። ሙቀቱንም በቴርሞሜትር መዝግቡ። 1 ሜትር ብረት በ20 ዲግሪ ሙቀት ወደ ሩብ ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ይህም ከምትፈልጉት ልዩነት ሩቡን ያህል ስለሚደብቅ ከስሌቱ በፊት በርዝመቱ ላይ ደምሩት።